የጅሬን ኮረብታ፤ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤትና የእንጨቱ ዕድሜ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የጅማ ከተማ በቡና መታወቋን የማያውቅ የለም። በየቤታችን የሚፈላው ቡና ከየት መጣ ቢባል ሕፃኑ እንኳ የከፋንና የጅማን ስም ቀድሞ ይጠራል። ዳሩ ግን ከተማይቱ የዛሬውን መልኳን ከመያዟ አስቀድሞ የአገሩ መንበር ከበላይዋ ባለው በጅሬን ኮረብታ ላይ እንደ ነበረ፣ በዚያም የንጉሥ አባ ጅፋር ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ እንደሚገኝ ብዙ ሰው በወሬ ሰምቶ ይሆናል እንጂ ሄዶ አላየውም። እኛም ከጊንጆ ሰፈር ተነሥተን፣ ከምናስተምራቸው ልጆች ጥቂቶቹን አስከትለን ወደዚያ የወጣነው በሰሌዳ ላይ የጻፍነውን ታሪክ በዓይናቸው እንዲያዩት ብለን ነው።

ከከተማው እስከ ኮረብታው ያለው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወሩ ኅዳር ስለ ነበረ የቡናው ለቀማ ደርሶ ነበር። ከታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀይ ፍሬ ይዞ ይታያል፤ በየደጁም ጀንፈሉ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሴቶች ያገላብጡታል፤ ዶሮ እንዳይጭረው የሚጠብቀው ትንሽ ልጅም አርጩሜውን ይዞ እንደ ዳኛ ተቀምጧል። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር የጅማ የቆርቆሮ ጣራዎች ከበታቻችን እየሰፉ ሄዱ። ከኮረብታው ራስ ስንደርስም ሸለቆው ከነመስኩ ተገለጠልን። ንጉሡ ቤታቸውን ለምን ከዚህ እንዳሠሩ ለልጆቹ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝምና።

ስለ ቤቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ባለቤቱ ጥቂት እንበል። በ19ኛው መቶ ዓመት በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተመሥርተው ነበር፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት አጽንተው ያቆሙት እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855 የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲሆኑ፣ እስልምናንም የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» እንደ ተባሉ ሁሉ፣ የጅማም ነገሥታት በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር። ይህን ስንነግራቸው ከልጆቹ አንዱ፣ «ታዲያ የኛ ነገሥታትና የእነርሱ ነገሥታት አንድ ዓይነት ልማድ ነበራቸው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «የኛ» እና «የእነርሱ» የሚለውን እንዲተወው ነግረን አለፍን።

ዛሬ ቤታቸውን የምናየው ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1861 ተወልደው በ1878 ነገሡ። አሥራ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ መንግሥት ከባድ ሸክም ነው፤ ነገር ግን እናታቸው ጉሚቲ በምክር የታወቁ ብርቱ ሴት ነበሩ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በጊቤ ዙሪያ ላሉት መንግሥታት ሁሉ መዋጋት ወይስ መገበር የሚለው ጥያቄ መጣ። አባ ጅፋር የእናታቸውን ምክር ሰምተው ገበሩ። በዚህም የተነሣ ጅማ ግብሯን እየከፈለች፣ በራሷ ንጉሥና በራሷ ልማድ እየተዳደረች ሃምሳ ዓመት ያህል ኖረች። ጎረቤቷ ከፋ ግን መዋጋትን መርጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው አገሯ ጠፋ፤ ከሕዝቧም ብዙው አለቀ። ጀግንነትን በሰይፍ ብቻ መለካት የለመደ ሰው የአባ ጅፋርን ሥራ ያናንቀው ይሆናል። እኛ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጎተራ ሳይቃጠል፣ ገበያም ሳይበተን መኖሩን እንደ ትንሽ ነገር አንቈጥረውም።

ያም ገበያ ሂርማታ ይባል ነበር። ከኮረብታው ሥር፣ የዛሬዋ ጅማ በተመሠረተችበት ሜዳ ላይ በየሐሙሱ ይቆም ነበርና ነጋዴው ከሸዋም ከጎጃምም ከከፋም ይጎርፍበታል። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብሩ በዚያ ይለዋወጣሉ። የጅማን መንግሥት ታሪክ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ ያሳተሙት አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሉዊስ እንደሚያስረዱት፣ አገሩ በድንበሩ ዙሪያ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ ምድርና በመግቢያዎቹ ላይ ኬላ ነበረው። የገባና የወጣው ሁሉ በኬላው በኩል ያልፋል፤ ከዚያም የሚሰበሰበው ቀረጥ ወደ ጅሬን ይወጣል። ቤቱ የተሠራው እንግዲህ በዚህ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በኦሮምኛ «መሰራ» የሚባለው የንጉሥ ግቢ አንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ለንጉሡ፣ ለቤተ ሰቡ፣ ለጉባኤውና ለጸሎት የተለዩ ቤቶች ነበሩበት። ዋናው ባለ ፎቅ ነው። ድንጋይን ጠርቦ በኖራ ማያያዝ የጎንደር ጥበብ ሲሆን፣ የጅሬን ጥበብ ግን እንጨት ነው። ግድግዳው ተማግሮ የተመረገ ነው፤ በረንዳውን የእንጨት ዓምዶች ተሸክመውታል፤ ከፎቁ ላይ ወደ ሜዳው የሚመለከት ሰገነት አለ። ከዚያ ሰገነት ላይ ሆነው ንጉሡ በሜዳው የሚደረገውን ትግልና ጨዋታ ይመለከቱ እንደ ነበር ይነገራል። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያህል ነበር ስለሚባልም፣ ልጆቹ በር ባገኙ ቍጥር ንጉሡ ጎንበስ ሳይሉ ይገቡበት እንደ ሆነ ለመለካት ሲንጠራሩ ዋሉ።

የጅማ ሰው እንጨት የማያውቀው ነገር የለውም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውና ምንም መጋጠሚያ የሌለው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ በአገራችን ሁሉ የታወቀ ነው። ይህን ቤት የሠሩት እጆች ከዚያው ወገን ናቸውና ሰገነቱን የተመለከተ ሰው በርጩማውን ያስታውሳል። ደግሞም ይህ ዓይነት ቤት በአገራችን ብቻውን አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ የሠሩት ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የአዲስ አበባ ዓመታት የሕንድና የአርመን አናጺዎች ያቆሟቸው ባለ ሰገነት ቤቶችም የዚህ ቅርብ ዘመዶች ናቸው። በዚያ ዘመን በእንጦጦ የነበረ ሰው ወደ ጅሬን ቢመጣ ራሱን በባዕድ አገር የሚያገኝ አይመስለንም።

በ1890 ዓ.ም. አሌክሳንድር ቡላቶቪች የተባለ የሩስያ መኮንን ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ለመዝመት ሲሄድ በጅማ በኩል አልፎ አባ ጅፋርን ጎብኝቷቸዋል፤ ስለ ጕዞውም መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ሰው በኋላ የጦር ልብሱን ጥሎ በአቶስ ተራራ መነኰሰ፤ ስሙም አባ አንቶኒ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ አገራችን ተመልሶ በሻላ ሐይቅ ገዳም ለመመሥረት አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን አልተፈጸመም። ይህን ማንሣታችን ከነገራችን ጥቂት ቢያወጣንም፣ ከጅሬን በረንዳ ወደ አቶስ የሚወስድ መንገድ መኖሩ ለአንባብያን ደስ የሚያሰኝ ስለ መሰለን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 አባ ጅፋር ባረፉበት ዓመት የጅማ የራስ መስተዳድር ቀረና አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆነ። ቀጥሎ የኢጣልያ ወረራ መጣ። ወራሪው ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ ሜዳው ላይ ስለ ሠራ፣ ኑሮው ሁሉ ከኮረብታው ወደ ሂርማታ ወረደ። ንጉሥም ግብርም ሙግትም የሌለበት የንጉሥ ቤት ምን ይሆናል? መልሱ በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ገዳም መነኮሳት የኖሩበት፣ ፍራ አንጀሊኮ የተባለው መነኵሴ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የጌታን ሕማማት የሣለበት ስፍራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኗል። በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ብለው ያስጀመሩት ቤት፣ መናገሻው ወደዚያ መዛወሩ ሲቀር የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠና የባህል ቤተ መዘክር ገባበት። የጅሬኑም ቤት ዕጣው ይኸው ሆኖ የአገሩ ታሪክ የሚታይበት ቤት ሆነ። የንጉሡ ዕቃዎች ግን ለብዙ ዓመታት በከተማው ቤተ መዘክር ይቀመጡ ስለ ነበር፣ ጎብኚው ቤቱን ከላይ፣ ዕቃውን ከታች ያይ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የጅሬን ችግር ይለያል። የጎንደር ግንብ ጣራውና ወለሉ ቢጠፋም ግድግዳው ይቆማል። በቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈርሶ እንኳ ምን ያህል ያማረ እንደ ነበረ ፍርስራሹ ይመሰክራል። የእንጨት ቤት ግን ፍርስራሽ የለውም፤ ከወደቀ አፈር ይሆናል። ጅማ ደግሞ ዝናብ የማይለያት አገር ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብባታል። ውኃው ከላይ፣ ምስጡ ከታች ይመጣል። ታዲያ ይህ ቤት ንጉሡና ቤተ ሰባቸው ሲኖሩበት እንዴት ቆየ? በአባቶቻችን ቤት እንደ ነበረው ነው። በየቀኑ እሳት ይነድድበታል፤ ጢሱ ወደ ማገሩና ወደ ጣራው እየወጣ ተባዩን ያባርራል፤ እንጨቱንም ያደርቃል። ጣራው ያፈሰሰ እንደ ሆነ ባለቤቱ በዚያችው ሌሊት ራሱ ላይ ሲንጠባጠብ ያውቀዋል፤ በማግሥቱም ሰው ይወጣበታል። ጥቀርሻውን እንደ እድፍ የምናይ እኛ የዛሬ ሰዎች፣ ያ ጥቀርሻ ለቤቱ መድኃኒት እንደ ነበረ ረስተናል። ቤቱ የጉብኝት ቤት በሆነ ጊዜ ምድጃው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ በሌሊት ሲያፈስ የሚነቃ ሰው የለም፤ ጠባቂው ጧት ቢያየውም ደብዳቤ ጽፎ በጀት እስኪፈቀድ ክረምቱ ያልፋል። ይህ ግቢ ለብዙ ዘመን እየተጎዳ የቆየው በዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት ሰፊ የእድሳት ሥራ ተሠርቶለት ስላየነው ደስ ብሎናል። ነገር ግን የእንጨት ቤት አንድ ጊዜ ታድሶ የሚተው ስላልሆነ፣ ከእድሳቱ ይልቅ ከእድሳቱ በኋላ በየክረምቱ መግቢያ ጣራውን የሚፈትሸው ሰው ያሳስበናል።

ከዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከንጉሡ ቤት አጠገብ መስጊድ አለ። ዘመኑ የቤቱ ዘመን ነው፤ ሆኖም ቤተ መዘክር አልሆነም፤ ዛሬም ይጸለይበታል። እኛ በደረስንበት ሰዓት ሽማግሌዎች ጫማቸውን ከደጁ አውልቀው ሲገቡ አየን፤ አንዱም ከመግባቱ በፊት ከደጃፉ የወደቀውን ቅጠል በእግሩ ገፋ አደረገው። ይህን ያደረገው ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ አይደለም።

ይህን ስናይ የገዛ አጥቢያዎቻችን ትዝ አሉን። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በክብ የተሠሩ፣ ጣራቸው ሰፊ፣ ግድግዳቸው በሥዕል የተሸፈነ ስንት አብያተ ክርስቲያናት በዘመናችን ፈርሰው በሲሚንቶ ተተኩ! ሕዝቡ ቅዳሴ የሚቆምበት ሰፊ ስፍራ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን፤ ገንዘቡንም የሚያዋጣው ለእግዚአብሔር ቤት ክብር ብሎ እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ግን አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ሊሠራ ሲቻል፣ አባቶች በጾምና በጸሎት ያቆሙትን ዓምድ ለማገዶ ማድረግ ምን ይባላል? አንድ ሙስሊም ንጉሥ ያሠሩትን የእንጨት ቤት ለማቆየት አገር ሲደክም እያየን፣ እኛ ታቦት ያደረበትን ቤት በአንድ ሳምንት አፍርሰን ብሎኬት እናወርድበታለን። በየሰበካው ጉባኤ ያሉ አባቶችና ወንድሞች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡ፣ ከማፍረሳቸው በፊት እንጨት የሚያውቅ አንድ አናጺ ጠርተው ዓምዱን እንዲያስመረምሩ እንለምናቸዋለን። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው መሬት የነካው እግሩ ብቻ ነው፤ እርሱ ተቈርጦ በደኅና እንጨት ከተቀጠለና ከድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ቀሪው ዓምድ ገና ብዙ ዘመን ይሸከማል።

ፎቁን አይተን ስንወርድ ከሴት ልጆቻችን አንዲቱ፣ «መምህር፣ ይህን ሁሉ እንጨት ከጫካ ማን ተሸክሞ አመጣው?» አለችን። ስለ ንጉሡ ቁመትና ስለ ሰገነቱ ብዙ ስንናገር ቆይተን ይህን ሳንናገር ልንወጣ ነበር። የጠየቀችው ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። ከሥር ያለው የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ከከፋና ከዚያ ወዲያ ካሉ አገሮች የተማረኩ ወንዶችና ሴቶች በዚያ ይሸጡ ነበር፤ በንጉሡ ግቢም እንጨት የሚፈልጡ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ እህል የሚፈጩ ባሮች ነበሩ። ይህን የምንለው ጅማን ለማሳጣት አይደለም፤ በሸዋም በጎጃምም በጎንደርም ባለው ታላላቅ ቤት ሁሉ፣ ቍርባን በሚቀበለው ጌታ ቤት እንኳ ሳይቀር፣ ባሪያ ያገለግል ነበርና። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሪያ ነጻ የሚወጣበት ሕግ ታወጀ፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ስለ ነበረ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ጨርሶ የሚያስቀር ሌላ አዋጅ አስፈልጓል። ለልጅቱም ይህንኑ ነገርናት። የንጉሡን ስም ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ዓምዱን ከጫካ ያመጡት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። ቤተ መዘክር በሚባል ቤት ውስጥ ስለ እነርሱ የሚናገር አንድ ጽሑፍ በጕልህ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ የንጉሡ ክብር የሚቀንስ አይመስለንም። ልጅቱ ዝም ብላ የደረጃውን እንጨት በመዳፍዋ ስትዳስስ ቆየች፤ እኛም አላጣደፍናትም።

ከአንባብያን መካከል፣ የእስላም ንጉሥ ቤት ለክርስቲያን ልጅ ምን ያስተምረዋል የሚል አይጠፋ ይሆናል። ጥያቄውን የሰማነው ከወላጆች አፍ ስለ ሆነ ልናልፈው አንችልም። በጊንጆም ሆነ በሌላው የጅማ ሰፈር የሚያድግ የኦርቶዶክስ ልጅ ጎረቤቱ ሙስሊም ነው፤ ሠርጉን አብሮ ይበላል፤ ለቅሶውን አብሮ ይቀመጣል፤ ቡናውን አብሮ ይጠጣል። የጎረቤቱን አያት ሳያውቅ እንዴት ጎረቤቱን ያውቀዋል? እምነቱን ከወላጆቹና ከካህናቱ በሚገባ የተማረ ልጅ የሰው ቤት ገብቶ በመውጣቱ የሚጠፋበት ነገር የለም።

ወደ ጅሬን ልጆቹን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ወላጅ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሄድ መንገዱ ይደርቅለታል፤ ክረምት ግን ጭቃው ይፈትነዋል። ጧት ቢወጣ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ኮረብታውን ቶሎ ይሸፍነዋልና። ከገባም በኋላ ከሰገነቱ አስቀድሞ የዓምዶቹን እግርና የጣራውን ጠርዝ ይመልከት፤ የእንጨት ቤት ሕመሙ የሚጀምረው ከእነዚያ ነው።